ከቅጽር ውጭ
በጎንደርና በወገራ ደጋ ስለ ሌላ ሃይማኖት ሙታን ማረፊያ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀናው መንገድ ወለቃን አልፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ኮሶዬ ሲደርስ፣ በአንድ በኩል የወገራ ሜዳ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ወደ ቆላው የሚወርደው ታላቅ ገደል ይታያል። ስፍራው ስሙን ከኮሶ ዛፍ እንዳገኘ ይነገራል። በ1965 የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን በጎበኙ ጊዜ ከዚህ ገደል አፋፍ ቆመው አገሩን እንዲያዩ ስለ ተደረገ፣ ኮሶዬ ዛሬ ለጎብኚዎች ይበልጡን የሚታወቀው በዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ይሁን እንጂ የኮሶዬ መንገድ ከጉብኝቱ በፊት የቈየ ታሪክ አለው። ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋ፣ በተከዜ፣ በሊማሊሞና በደባርቅ አድርጎ ወደ ጎንደር ለሚገባ ነጋዴ፣ መነኩሴና መልእክተኛ ሁሉ የወገራ ደጋ የማይቀር መተላለፊያ ነበር። በዚህ መንገድ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ተመልሰዋል፤ አንዳንዶቹ ግን አልተመለሱም።

በደጋው ላይ ዐይን የሚያርፍበት የመጀመሪያው ነገር በየኰረብታው ጫፍ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ወይራው፣ ጥዱና ኮሶው በቅጽሩ ውስጥ ተጠብቆ የቈየው ስለ ታቦቱ ክብር ነው፤ ከዛፎቹ ሥር ደግሞ የደብሩ ሙታን ያርፋሉ። በዚህ አገር ሥርዐት የመቃብር ቦታ ማለት የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ማለት ነው። ሰው በሚኖርበት ጊዜ ነፍስ አባት ይይዛል፣ ይናዘዛል፣ ይጾማል፤ ሲሞት ደግሞ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ከአባቶቹ ጐን ያስቀምጡታል፤ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባውና ሙት ዓመቱ በዚያው ቅጽር ዙሪያ ይታሰባል። ስለሆነም ከቅጽሩ መከልከል የሬሳ ማረፊያ ከማጣት ያለፈ ነገር ነበረው። ተዝካር የሚያወጣለት፣ ስሙን በጸሎት የሚያነሣለት ሰው ማጣት ነበር። አንድን ሰው በሕይወቱ ሳለ ከማኅበር መለየት ቀላል አይደለም፤ ከሞተ በኋላ መለየት ግን በቤተ ዘመዱ ላይ የሚወድቅ ፍርድ ስለሆነ፣ ከውግዘት ሁሉ የሚፈራው ይህኛው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ደጋ የኖሩት ሁሉ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች አልነበሩም። ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ እስላሞች ነበሩ፤ ከሩቅ የመጡ ካቶሊካውያንና ፕሮቴስታንቶች ነበሩ፤ ከአገሬውም መካከል የእነርሱን ትምህርት የተቀበሉ ነበሩ። እስላሞቹና ቤተ እስራኤል የየራሳቸው የቀብር ቦታና ሥርዐት ነበራቸው። የሌሎቹ ነገር ግን ዘመን በተለወጠ ቍጥር የሚለወጥ፣ ብዙውን ጊዜ በንጉሥ ወይም በጳጳስ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የመጣው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በተቀበሉበትና ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሥልጣኑን በያዙበት ወቅት፣ ሕዝቡን ካስቈጡት ድርጊቶች አንዱ የመቃብር ጕዳይ ነበር። የቀድሞውን ሃይማኖት ሳይለቅ የሞተ አንድ የታወቀ የመነኮሳት አለቃ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀብሮ ሳለ፣ «መናፍቅ በተቀደሰ ቦታ አያርፍም» በሚል ምክንያት አስከሬኑ እንዲወጣ ተደረገ። በጊዜው ስለ ጥምቀትና ስለ ጾም የወጣው ትእዛዝ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ክርክሩ ግን በሊቃውንት መካከል ነበር። መቃብር ሲከፈት ግን ነገሩን ለመረዳት ሊቅ መሆን አላስፈለገም። ዳሩ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የነገሩ ፍጻሜ ነው። ሱስንዮስ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት ለሕዝቡ መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ከለቀቁ በኋላ፣ እርሳቸው ራሳቸው ካቶሊክ እንደ ሆኑ በዚያው ዓመት ሞቱ። ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡት ዐፄ ፋሲለደስ ግን የአባታቸውን አስከሬን ከጎንደር በቅርብ ርቀት በሚገኘው በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ በክብር አስቀበሩት። የአገሩን ሃይማኖት የለወጠ ንጉሥ በቅጽር ውስጥ ዐረፈ። ልጅነትና ንግሥና ከውግዘቱ በለጡ ማለት ነው፤ ለተራው ሰው ግን ይህ በር ክፍት አልነበረም።

ፕሮቴስታንት ወደዚህ አገር የገባው ከዚሁ በኋላ ወዲያው ነው። የሉቤክ ተወላጅ የሆነው ጀርመናዊው ጴጥሮስ ሄይሊንግ በ1630ዎቹ አጋማሽ ከአዲሱ ጳጳስ ከአቡነ ማርቆስ ጋር መጥቶ በዐፄ ፋሲለደስ ቤተ መንግሥት በሕክምናና በማስተማር አገለገለ። ጎንደር ከተማ ስትቈረቈር ያየ ሰው ነው። በ1652 ከአገር ወጥቶ በሱዋኪን በቱርኮቹ ሹም እጅ ተገደለ፤ ስለዚህም የመጀመሪያው ፕሮቴስታንት በደጋው ላይ መቃብር አልተወም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ካቶሊካውያን ዕጣቸው የከፋ ነበር። በ1716 ሦስት ፍራንቸስካውያን መነኮሳት በጎንደር አቦ በተባለው ስፍራ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ፤ የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1988 ብፁዓን ብላ ሠይማቸዋለች።

ከዚህ በኋላ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል አልፎ፣ በ1830 ሳሙኤል ጎባት የተባለው የስዊስ ተወላጅ ጎንደር ገባ። በእጁ የነበረው ጽሑፍ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። አባ አብርሃም፣ በፈረንጆቹ አጠራር አቡ ሩሚ፣ የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ አሥር ዓመት ያህል ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ከመለሱ በኋላ በ1819 በወረርሽኝ ሞተዋል፤ ጎባት ይዞት የመጣው ከእርሳቸው ድካም ታትሞ የወጣውን ወንጌል ነበር። ጎባት በጎንደር ከሊቃውንቱ ጋር በቀን በቀን ይከራከር ነበር፤ የሰደበው እንደ ነበረ ሁሉ ያከበረውም ብዙ ነበር። አብሮት የመጣው ባልደረባው ክርስቲያን ኩግለር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ በጠመንጃ አደጋ ቈስሎ ዐድዋ ላይ ሞተ። ጎባት በኋላ በ1846 በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንቶች ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። እዚያም ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ በጽዮን ተራራ ላይ የፕሮቴስታንት መቃብር ማቋቋም ነበር። በቅድስቲቱ ከተማ እያንዳንዱ የቈየ ማኅበር የየራሱ ቦታ ሲኖረው፣ አዲስ መጦቹ ሙታናቸውን የሚያሳርፉበት መሬት ይጐድላቸው ነበር። ጎባት በ1879 ሲሞት በዚያው ቦታ ተቀበረ። ጓደኛውን በባዕድ አገር ቀብሮ የተመለሰ ሰው ለመቃብር ቦታ መጨነቁ አያስገርምም።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች ቍጥር በረከተ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን በ1860 መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ለመውጣት ከጎንደር እንደ ተነሣ የጋረድ ሰዎች ያዙት፤ በጦር ቈሰለ። የጎንደር ነጋዴዎች 1,000 ያህል የማርያ ቴሬዛ ብር ቤዛ ከፍለው አስለቀቁት፤ ነገር ግን ቍስሉ ገደለውና አስከሬኑ እዚያው ጎንደር ዐረፈ። ጓደኛው ጆን ቤል፣ ንጉሡ ሊቀ መኳስ ብለው የሾሙትና አገሬው ዮሐንስ ብሎ የሚጠራው፣ በዚያው ዓመት በሰሜኑ ደጋ ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። ስለ ሁለቱ ሰዎች ሞት ብዙ ተጽፏል፤ ንጉሡ ስላደረጉት ከባድ ብቀላም ተጽፏል። በለንደን የነበሩ ባለሥልጣኖች ስለ ፕላውደን ሞት በርካታ ደብዳቤ ተለዋውጠዋል። የወገራ ገበሬም የራሱ ሙታን ነበሩት፤ በእነዚያ ዓመታት በዚህ መንገድ ያለፈው ሠራዊት ብዙ ነበርና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው በራሱ በወገራ ሜዳ ላይ የተፈጸመ ነው። ሄንሪ አሮን ስተርን፣ በትውልዱ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሆኖ በኋላ ክርስትናን የተቀበለ፣ በለንደን ባለው የአይሁድ ሚሲዮን ማኅበር ተልኮ ቤተ እስራኤልን ለማስተማር በ1860 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1863 ዳግመኛ ተመልሶ ሥራውን ካየ በኋላ፣ በጥቅምት ወር ወደ ምጽዋ ለመውረድ ከጎንደር ተነሣ። ደጋውን ወጥቶ ወገራ ሲደርስ የንጉሡ ድንኳን ተተክሎ አገኘ። ሳይሰናበት ማለፍ ነውር መስሎ ስለታየው እጅ ለመንሣት ቀረበ። ንጉሡ በዚያ ቀን በእንግሊዝ መንግሥትም በእርሱም ላይ ተቈጥተው ነበር፤ ለንግሥት ቪክቶሪያ ለላኩት ደብዳቤ መልስ አልመጣም፤ ስተርን በመጽሐፉ ስለ እርሳቸው ትውልድ የጻፈውም ነገር ነበር። በመካከላቸው የሚያስተረጕሙት የስተርን አገልጋዮች የተናገሩት አላስደሰታቸውምና ሁለቱ እንዲደበደቡ ታዘዘ። ስተርን በድንጋጤ ጣቱን ነከሰ፤ ይህ በአገሩ ልማድ የበቀል ዛቻ ተደርጎ ተቈጠረበትና እርሱም ተደበደበ። ስተርን ተረፈ። ሁለቱ አገልጋዮች ግን ከዱላው የተነሣ ሞቱ።

ስለ ስተርን እስራት የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ነው። በጥር 1864 ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ከዚያም ሌሎቹ ተከተሉ፤ በመጨረሻም የጄኔራል ናፒየር ጦር በ1868 መቅደላ ደረሰ። የዚህ ሁሉ ነገር የመጀመሪያ ደም የፈሰሰው ከኮሶዬ በማይርቅ ሜዳ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ የፈሰሰውም የሁለት ኢትዮጵያውያን ደም ነው። የሚሲዮናውያኑ መጽሐፍ ስለ ስተርን ቍስል በዝርዝር ሲተርክ፣ ስለ ሁለቱ ሰዎች ጥቂት መስመሮችን ብቻ ይሰጣል። የእንግሊዝ ጋዜጦችም ቢሆኑ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በንጉሥ ቍጣ የሞተን ሰው የሚቀብረው ማን ነው? በዚያ ዘመን ልማድ ዘመድ ካልደረሰለት በቀር ቀባሪው መንገደኛ ነው።

የስተርንና የባልደረቦቹ ሥራ ማእከል በደምቢያ ያለችው ጀንዳ ነበረች። ይህን ጣቢያ ለረጅም ጊዜ የመራው ዮሐን ማርቲን ፍላድ ከባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሙያ ትምህርት ቤት ከመጡት ወጣቶች አንዱ ነው። የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች የሆኑት ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የንጉሡ ባለሙያዎች ሆነው መንገድ ሲያወጡና መድፍ ሲያቀልጡ፣ ፍላድ ደግሞ ከቤተ እስራኤል ጋር ነበር። የጀንዳን ሥራ ከሌሎች ሚሲዮኖች የለየው ነገር ግን አንድ ውል ነው። ንጉሡና ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ሥራውን የፈቀዱት፣ ከቤተ እስራኤል የሚያምኑት ሁሉ የሚጠመቁት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን በማስገደድ ነበር። አቡነ ሰላማ በልጅነታቸው በካይሮ በእንግሊዝ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ስለ ሆኑ፣ የፕሮቴስታንቶቹን አካሄድ ከውስጥ ያውቁት ነበር።

ይህ ውል በሚሲዮናውያኑ ዘንድ እንደ ሽንፈት የታየበት ጊዜ ነበር። ከመቃብር አንጻር ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀ ሰው፣ መጽሐፍ ቅዱስን በፍላድ ቤት ቢያነብም፣ በሥርዐቱ የደብሩ ልጅ ነው፤ ሲሞትም ከቅጽሩ የሚያስከለክለው ግልጽ ምክንያት የለም። ውሉ ለአዲሶቹ አማኞች የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ነፈጋቸው፤ በአንጻሩ ግን በአገሩ አፈር ላይ መብት ሰጣቸው። በፍላድ ተኰትኵቶ ያደገውና በክሪሾና የተማረው ሚካኤል አረጋዊ ግማሽ ምዕተ ዓመት በሚያህል ጊዜ ይህን ማኅበር ሲመራ የኖረው በዚሁ በሁለት ወገን መካከል ነው። በሰሜን በሐማሴን የሆነው ከዚህ ይለያል። እዚያ መጽሐፍ ቅዱስን በማንበብ ከአለቆቻቸው ጋር የተለያዩት ካህናትና ምእመናን ተወግዘው ወጡ፤ ወደ ስዊድን ሚሲዮን ወደ ምንኩሉና ወደ ገለብ ተሰደዱ፤ ኑሯቸውንም መቃብራቸውንም ከዚያው ከሚሲዮኑ ግቢ ጋር አያያዙ። ከበጌምድር ከይፋግ ተነሥተው በምንኩሉ የተማሩት አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የሁለቱም መንገድ ምሳሌ ናቸው። በበርሊን አማርኛ አስተምረው፣ የኢትዮጵያን ሕዝብ ታሪክ ጽፈው፣ ራሳቸውን ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሳይለዩ፣ በሃይማኖት ተከሰው የታሰሩ ሊቅ ነበሩ፤ በ1924 በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ይህ ሁሉ የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ እንዳይመስል፣ የሚሲዮናውያኑን አገር መመልከት ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ በ1662 በወጣው የሥርዐተ ጸሎት ሕግ ምክንያት 2,000 ያህል ካህናት አዲሱን የጸሎት መጽሐፍ አንቀበልም በማለታቸው ከደብራቸው ወጡ። እነዚህና ተከታዮቻቸው ሥርዐቱን ያልተቀበሉ ተብለው ተጠሩ። ልጆቻቸው ወደ ኦክስፎርድና ወደ ካምብሪጅ ገብተው ማዕርግ እንዳይቀበሉ ተከለከሉ፤ ስብሰባቸው በሕግ ተወገዘ፤ የሚሞቱትም በደብሩ ቅጽር ቢቀበሩ እንኳ በማይቀበሉት ካህንና በማይቀበሉት ጸሎት ነበር። በለንደን ከከተማው ቅጥር በስተሰሜን በንሂል የተባለ ሜዳ ነበረ። ስሙ «የዐፅም ኰረብታ» ከሚለው እንደ ወጣ ይነገራል፤ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የዐፅም ቤት የወጣ በብዙ ጋሪ የተጫነ ዐፅም በዚያ ተጥሎ ነበርና። በ1665 በታላቁ ቸነፈር ጊዜ ከተማው ስፍራውን ለመቃብር አሳጠረው። ኤጲስ ቆጶስ ባርኮ ስላልቀደሰው ማንም ሰው በፈለገው ጸሎት፣ ወይም ያለ ጸሎት፣ ሙቱን ሊቀብርበት ይችል ነበር። ያልተባረከ መሆኑ ነው የተፈለገው።

እስከ 1854 ድረስ በዚህ ጠባብ መሬት፣ አንድ ሄክታር ከግማሽ በጥቂቱ በሚበልጥ ስፍራ፣ 123,000 ያህል ሰዎች ተቀበሩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ታስሮ የኖረው ሰባኪ ጆን በንያን በ1688 እዚያ ዐረፈ። የመንፈሳዊውን መንገደኛ ጕዞ የሚተርከው መጽሐፉ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ አማርኛ ተመልሶ ታትሟል፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ም ከእርሱ ጋር የሚነጻጸር ድርሰት ነው። የመዝሙር ደራሲው አይዛክ ዋትስ፣ የሮቢንሰን ክሩሶ ጸሓፊ ዳንኤል ዴፎ፣ የዌስሊ ወንድማማቾች እናት ሱዛና፣ ሠዓሊና ባለቅኔ ዊልያም ብሌክ ሁሉ በዚያ ናቸው። ኩዌከር የሚባሉት ማኅበርተኞች ደግሞ ከበንሂል አጠገብ የራሳቸው ሜዳ ነበራቸው፤ መሥራቻቸው ጆርጅ ፎክስ በ1691 የተቀበረው እዚያ ነው። የጋፋቱ ባለሙያ ዋልድማየር፣ የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ ለቴዎድሮስ መድፍ የሠራው ሰው፣ ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት ሲከፍት የኩዌከሮቹን ማኅበር ተቀላቀለ። ጦርነትን ፈጽሞ ከሚያወግዝ ማኅበር መግባቱ፣ ሴባስቶፖልን በማሰብ ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል።

በ1867 የእንግሊዝ ፓርላማ በንሂልን ሕንፃ እንዳይሠራበት በሕግ አስጠበቀ፤ በ1880 በወጣውም ሕግ ሥርዐቱን ያልተቀበሉት በየደብሩ ቅጽር በራሳቸው ጸሎት እንዲቀበሩ ተፈቀደ። ከ1662 ሲቈጠር ሁለት መቶ ዐሥራ ስምንት ዓመት ወስዷል። ጎባትና ስተርን የኢትዮጵያን ካህናት ጠባብነት በሚጽፉበት ዘመን በእንግሊዝ ገጠር የመቃብር ክርክር ገና አልበረደም ነበር። ይህን የሚያነሣ ሚሲዮናዊ ግን ብዙ አይገኝም።

ወደ ጎንደር መንገድ እንመለስ። በ1880 ዓ.ም. ጥር ወር የመሐዲስቶች ጦር በሐምዳን አቡ አንጃ እየተመራ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት በሳር ውኃ ድል ነሥቶ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ደምቢያንም ዘረፈ። ቅጽር ያለውም ቅጽር የሌለውም መቃብር በዚያ ዓመት እኩል ሆነ። ከዚያም ክፉ ቀን የተባለው ታላቁ ረኃብ ተከተለ። ዳስ በሌለበት፣ ቀባሪም ሟችም በአንድነት በወደቀበት ጊዜ የመቃብር ሥርዐት ይቅርና ሙት የሚያነሣም አልተገኘም።

በዚሁ መንገድ ላይ ያሉት የቤተ እስራኤል መቃብሮች ለብቻቸው ሊታሰቡ ይገባል። ወለቃ ከጎንደር ሲወጡ መጀመሪያ የምትገኝ መንደር ናት። ቤተ እስራኤል ሙታቸውን ከመንደር ውጭ ይቀብራሉ፤ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ሆኖ ከሰው ተለይቶ ይቈያል፤ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ይነጻል። ስም የተቀረጸበት ሐውልት ልማዳቸው አልነበረም፤ የመቃብሩ ምልክት ድንጋይ ነው፤ መዝገቡ የሽማግሌ ትዝታ ነው። የጀንዳን ትምህርት ተቀብለው የተጠመቁት ከዚህ የድንጋይ ክምር ተለይተው ወደ ቅጽሩ የገቡት ናቸው፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አባት በዚያ፣ ልጅ በዚህ። ከ1984 እስከ 1991 በተደረገው ታላቅ ፍልሰት የመንደሮቹ ሕዝብ ወደ እስራኤል ሲሄድ የሽማግሌው ትዝታም አብሮ ሄደ። በሱዳን በኩል በእግር ሲጓዙ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሆኑ ይገመታል፤ ለእነርሱ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቷል። መቃብራቸው ግን በሱዳን ነው። በወለቃና በአምቦ በር ያሉት የአባቶቻቸው መቃብሮች ደግሞ ለቅሶ የሚደርስ የመንደር ሰው አጥተው ቀሩ።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት የፕሮቴስታንቶቹ ነገር በሕግ መልክ መያዝ ጀመረ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን ለሚሲዮን በተከፈቱና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ናቸው በተባሉ አውራጃዎች ከፈለ፤ ደጋው የሰሜን ክፍል የኋለኛው ነበር። በአዲስ አበባ በጉለሌ ለውጭ አገር ክርስቲያኖች የተለየ መቃብር ነበረ። በደቡብና በምዕራብ አማኙ ብዙ ስለሆነ የራሱን መሬት ማግኘት አልከበደውም። በጎንደርና በአካባቢው ግን ቍጥሩ ጥቂት፣ ሕዝቡም የተሳሰረ በመሆኑ፣ ጴንጤ የተባለ ሰው ሲሞት ጕዳዩ ከቤተ ክህነት ይልቅ በእድር የሚወሰንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሬሳ ተሸካሚው፣ ድንኳን ተካዩ፣ እንጀራ አቅራቢው እድር ነው። እድርተኛው ሟቹን በጉርብትናው የሚያውቀው ከሆነ ሬሳውን ያነሣል፤ ከቅጽሩ በር ሲደርስ ግን የእድር ሥልጣን ያበቃል። በዚህም ምክንያት የተለየ እድር ማቋቋምና ከማዘጋጃ ቤት መሬት መጠየቅ ከአምልኮ ቤት ፈቃድ ያላነሰ ክርክር ሆኖ ቈይቷል። የ1987ቱ ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነጻነት ሲደነግግ፣ የሕጉ መፈተኛ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን መሬት ነው።

መቃብር መንፈግ ደግሞ የሃይማኖት ሰዎች ብቻ ሥራ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሓፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ታፍነው ተገድለው በሥውር ተቀበሩ። ዐፅማቸው የተገኘውና በወገን ፊት በክብር የተቀበረው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በ1992 ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ ቀብር ያልወጣበት ለቅሶ ተቀምጦ ኖሯል።

መሬት ለሚለካ ባለሙያ ከበንሂል የሚተርፍ አንድ ትምህርት አለ። ዊልያም ብሌክ በ1827 ሲሞት ድኻ ስለ ነበረ ከሌሎች ሬሳዎች ጋር በአንድ ጕድጓድ ተቀበረ፤ የራሱ ድንጋይ አልቆመለትም። በኋላ ዘመን የቆመለት መታሰቢያ ከትክክለኛው ቦታ የራቀ ነበር። ይሁን እንጂ የመቃብሩ ጠባቂዎች ሜዳውን በምሥራቅና በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ በቍጥር ከፋፍለው እያንዳንዱን ቀብር በመዝገብ ያስገቡ ስለ ነበረ፣ ሁለት ወዳጆቹ ያንን ቍጥር ተከትለው ቦታውን ለዩት፤ በ2018 ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ተተከለበት። ሐውልቱ ሳይኖር መዝገቡ በመኖሩ ሰውየው ከ191 ዓመት በኋላ ተገኘ።

በጎንደር ዙሪያ እንዲህ ያለ መዝገብ ለማዘጋጀት ጊዜው ገና አላለፈም፤ ግን እየጠበበ ነው። ከተማው በአዘዞም በወለቃም በኩል እየሰፋ ነው። ወለቃ ላይ የተከመረ ድንጋይ ለግንብ ሠሪ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ጀንዳ ላይ የሚሲዮኑ ግቢ የት እንደ ነበረ የሚያሳዩ አዛውንቶች ቍጥራቸው ጥቂት ነው። ጋፋት ላይ ስለ ሴባስቶፖል የሚናገር እንጂ በዚያ ከኖሩት ባለሙያዎችና ቤተሰቦቻቸው ስለ ሞቱት የሚናገር አይሰማም። ቀያሽ ካርታ ሲያነሣ የቤተ ክርስቲያኑን ደን በአረንጓዴ ይቀባል፤ ከደኑ ውጭ ያለውን የድንጋይ ክምር ግን «ባዶ መሬት» ብሎ ያልፈዋል።

ከኮሶዬ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የወገራ ሜዳ ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል። የቴዎድሮስ ድንኳን በጥቅምት 1863 የተተከለው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። የስተርን ሁለት አገልጋዮች የሞቱትም እዚሁ ነው።